ባቡሮቹ እንዳይናገሩ ስለመወሰኑ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ከላንቻ ወደ ኦሎምፒያ በሚወስደው መንገድ፣ ቀድሞ ጋራዥ በነበረው የልጆች ንባብ ቤት
ስብሰባው የተጠራው፦ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት
የተጀመረው፦ ሰው ሲሞላ

የተገኙ አባላት፦
ወ/ሮ ብርነሽ፣ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት
አቶ ቸሩ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ
አቶ አምኃ፣ በአቶ ቸሩ ባቡር ላይ የቲኬት ተቆጣጣሪ የነበሩ
አቶ ሁዘይፋ፣ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ፣ የኅትመቱን ወጪ የሚሸፍኑ
ያብስራ፣ የወጣቶች ተወካይ
ወ/ሮ አምሳለ፣ የአቶ ቸሩ ባለቤት፣ በስልክ (ሜክሲኮ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ)
ሊዲያ ቸሩ፣ ጸሐፊ፣ ድምፅ የሌላት። የአቶ ቸሩና የወ/ሮ አምሳለ ልጅ ስትሆን ጸሐፊነት የተመረጠችው ባለፈው ስብሰባ ስላልተገኘች ነው።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ኮሚቴው አሥር አባላት ስላሉት ስድስት ሰው ያስፈልጋል። በአካል የተገኙት አምስት በመሆናቸው ወ/ሮ አምሳለ በስልክ እንዲቆጠሩ ተደርጓል። ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ የስኳር ዕቃ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ስልኩ ከተዘጋ ስብሰባው እንደሚፈርስ ሰብሳቢዋ ካሳሰቡ በኋላ ተጀምሯል።

የስብሰባው ዓላማ፦ «የዳገቱ ባቡሮች» የተባለውን የልጆች መጽሐፍ ለዘመኑ እንዲስማማ አድርጎ ማሳተም። መጽሐፉ ጎምቱ እና ችኩሎ ስለሚባሉ፣ እንደ ሰው ስለሚነጋገሩ ሁለት የእንፋሎት ባቡሮች ይተርካል። በዚህ ሠፈር ያደገ ሁሉ አንብቦታል። የቀረው አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን እሱም ሽፋኑና የመጨረሻው ገጽ የለውም። አቶ ሁዘይፋ ማተሚያ ቤቱ ሰኞ ስለሚቀበላቸው ዛሬ ካልተወሰነ እጃቸውን እንደሚያነሱ አሳውቀዋል።

ወደ አጀንዳው ከመገባቱ በፊት ጸሐፊዋ አንድ ነገር ማስመዝገብ ትፈልጋለች። አቶ ቸሩና አቶ አምኃ ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ ጎረቤቶች ናቸው። ጸሐፊዋ ከመወለዷ በፊት ተኳርፈው እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። አፍ ከፈታች ጀምሮ «ለጎረቤትሽ ንገሪው» እየተባለች መልእክት የምታመላልሰው እሷ ናት። ሠፈሩ ለልማት ስለተነሳ የፊታችን ሐሙስ አቶ አምኃ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ የጸሐፊዋ ቤተሰብ ወደ የካ አባዶ ይገባል። ጸሐፊዋ ሁለቱ ሳይነጋገሩ እንዲለያዩ አትፈልግም። ይህ ግን በአጀንዳው አልተካተተም።

አጀንዳ አንድ፦ ባቡሮቹ ስለ መናገራቸው

ሰብሳቢዋ ብረት እንደማይናገር፣ ለልጅ ውሸት ማስተማርም ነውር እንደሆነ ገልጸዋል። ያብስራ የዛሬ ልጅ በከተማው ባቡር ሲሄድ ቀጣዩን ጣቢያ የሚነግረውን ድምፅ ስለሚሰማ ባቡር መናገሩ ብርቁ አይደለም፣ በቃ ኖርማል ነው ብሏል። ሰብሳቢዋ እሱ የተቀዳ ድምፅ ነው ሲሉ፣ ያብስራ የእርስዎም ንግግር ካለፈው ስብሰባ የተቀዳ ነው በማለቱ ይቅርታ እንዲጠይቅ ተደርጓል።

አቶ ሁዘይፋ ባቡሮቹ ዝም ካሉ መጽሐፉ የሁለት ብረቶች ፎቶግራፍ እንደሚሆን፣ በዚህ ላይ ገንዘባቸውን እንደማያወጡ ተናግረዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ባቡሮቹ በቀጥታ እንዳይነጋገሩ፣ ሐሳባቸውን ግን በጣቢያው ጸሐፊ በኩል እንዲለዋወጡ ተወስኗል። ይህንን ሐሳብ ያቀረቡት አቶ ቸሩ ናቸው። አቶ አምኃ በጸሐፊዋ በኩል ደግፈዋል። ጸሐፊዋ ይህ ሥራ እጅግ አድካሚ መሆኑን ከልምዷ ብታስረዳም ድምፅ ስለሌላት አልተያዘላትም።

ወ/ሮ አምሳለ ድምፅ እንዲሰጡ ሲጠየቁ «ወራጅ አለ» የሚል ድምፅ ተሰምቷል። ታክሲ ማግኘታቸው በጭብጨባ ከተገለጸ በኋላ ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ተመዝግቧል።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ ጭስና ስለ አክብሮት

ሰብሳቢዋ ባቡሮቹ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደሚያጨሱ፣ ይህም ለልጆች መጥፎ አርአያ እንደሆነ አንስተዋል። አቶ ቸሩ ምንም እንኳ እሳቸው የነዱት በናፍጣ ቢሆንም የእንፋሎት ባቡር ካልጨሰ አይሄድም ብለዋል። ባቡሮቹ ሰው በሌለበት ብቻ እንዲያጨሱ፣ ጣቢያ ሲደርሱ ግን እንዲያጠፉ ተወስኗል። ካጠፉ በኋላ በምን ይነሳሉ ለሚለው ጥያቄ ልጆቹ ወርደው ይገፏቸዋል የሚል መልስ ተሰጥቷል።

ቀጥሎም ትንሹ ችኩሎ ትልቁን ጎምቱን «አንተ» ማለቱ ብዙ አከራክሯል። አቶ ቸሩ ጎምቱ አንጋፋ ስለሆነ «እርስዎ» ይገባዋል ብለዋል። አቶ አምኃ ወደ ጸሐፊዋ ዞረው፣ አንድ ሐዲድ ላይ አብሮ የለፋ፣ ከአንድ ሳህን የበላ ባልደረባ «አንተ» ቢባል ክብሩ እንደማይቀንስ ንገሪልኝ ብለዋል። ጸሐፊዋ ነግራለች። አቶ ቸሩ ሰምቻለሁ በይው ብለዋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ወንበር ነው።

በመጨረሻ ችኩሎ ጎምቱን ዳገት ላይ «እርስዎ»፣ ቁልቁለት ላይ «አንተ» እንዲል፣ ሜዳ ላይ ደግሞ እንደ ፀባያቸው እንዲሆን በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል።

አጀንዳ ሦስት፦ ስለጠፋው መጨረሻ

መጽሐፉ የሚያበቃው ችኩሎ ውኃ ለመቅዳት ዳገቱ ሥር ሲቆም ጎምቱ «ሰዓቴ ደርሷል» ብሎ ጥሎት ሲሄድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ተቀዷል። ታርቀው ይሁን ተጣልተው ቀርተው ማንም አያስታውስም። አቶ ሁዘይፋ ልጅ ይዞ የመጣን ደንበኛ ሳይታረቁ ቀሩ ብለው መሸኘት እንደማይችሉ ተናግረዋል።

ሰብሳቢዋ የተጣላ በሽማግሌ እንደሚታረቅ፣ ኮሚቴውም ለባቡሮቹ ሽማግሌ ሆኖ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቅርበዋል። ሽማግሌ የሁለቱንም ወገን ቃል ሳይሰማ መፍረድ ስለማይችል፣ ባቡሮቹም መቅረብ ስላልቻሉ፣ ሙያው ካላቸው ሰዎች ተወካይ እንዲሰጣቸው ተወስኗል። በዚህም መሠረት አቶ ቸሩ ለጎምቱ፣ አቶ አምኃ ለችኩሎ ተወክለዋል። ሌላ የባቡር ሰው ስላልነበረ ተቃውሞ አልቀረበም። ጸሐፊዋ አዲስ ገጽ ገልጣለች።

የጎምቱ ተወካይ ባቡር ሰዓት እንዳለው፣ ለአንድ ሰው ተብሎ ሦስት መቶ መንገደኛ እንደማይቆም፣ ጎምቱም ፊሽካ ነፍቶ ማስጠንቀቁን አስረድተዋል። የችኩሎ ተወካይ፣ በጸሐፊዋ በኩል፣ ፊሽካውን መስማቱን፣ መሮጡንም፣ ነገር ግን ሐብሐብ ታቅፎ መሮጥ እንደሚከብድ ገልጸዋል።

ያብስራ መጽሐፉ ውስጥ ሐብሐብ የለም በማለት የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አንስቷል። ጥያቄው ተገቢ ሆኖ ሳለ ማንም አልሰማውም።

አቶ ቸሩ ለጸሐፊዋ፣ መተሐራ ጣቢያ ላይ ሰውየው ሁልጊዜ ሸቀጥ ሲገዛ ባቡር እያስረፈደ እንዳስቸገራቸው፣ ያን ቀንም ሸክም ይዞ ሲሮጥ በባቡሩ የጎን መስታወት አይተው በቃኝ ብለው እንደሄዱ ንገሪው ብለዋል። አቶ አምኃ ግን ወደ ጸሐፊዋ አልዞሩም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በእሷ በኩል ሳያልፉ አባቷን አይተው ተናግረዋል።

«ለማን እንደገዛሁት አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

አቶ ቸሩ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ከስኳር ዕቃው በኩል የወ/ሮ አምሳለ ድምፅ ተሰምቷል።

«ለእኔ ነው፣ ቸሩ። አምሮኝ ነበር። እርጉዝ ነበርኩ።»

ወ/ሮ አምሳለ ቀጥለው እንዳስረዱት፣ ለባላቸው ያልነገሩት አቶ ቸሩ ለማንም ባቡር ስለማያስቆሙ ነው። አምኃን በድብቅ ልከውት ነበር። ጠቡ ሲነሳ በሳምንቱ ይበርዳል ብለው ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የእሳቸው እንዳይሆን ፈሩ። ነገ እነግረዋለሁ ሲሉ ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰች። ይህን ሲናገሩ ታክሲው ውስጥ የነበሩት ተሳፋሪዎች ራዲዮው እንዲቀነስ መጠየቃቸው ተሰምቷል። አንዲት ሴት መውረጃቸውን ማሳለፋቸውን ገልጸው፣ ቢሆንም ይቀጥሉ ብለዋል።

ከላይ በተጠቀሰው መሠረት ሐብሐቡ የታሰበው ለዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ መሆኑ ተረጋግጧል። ጸሐፊዋ ዕድሜዋን ሙሉ ስታመላልሰው የኖረችው ጠብ በእሷ የተነሳ እንደነበረ ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀምጣለች። የሚከተሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የተጻፉት በያብስራ እጅ ነው። ሊዲያ እያለቀሰች ነው፣ ማለቴ፣ እየሳቀችም ነው። ጋሽ ቸሩ ተነስተው ያቺን አንድ ወንበር አንስተው ወደ ጎን አደረጓት።

ጸሐፊዋ ሥራዋን ቀጥላለች። አቶ ቸሩ ከአቶ አምኃ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀጥሎ «ሐብሐቡንስ?» ብለው ጠይቀዋል። አቶ አምኃ የማግስቱ ባቡር እስኪመጣ ጣቢያው ላይ ብቻቸውን እንደበሉት፣ ጥሩም እንዳልነበረ መልሰዋል። አቶ ቸሩ «በድዬሃለሁ አምኃ፣ ማረኝ» ብለዋል። አቶ አምኃ የአቶ ቸሩን ጉልበት መታ መታ አድርገዋል። ሽማግሌዎቹ ይህን እንደ እሺታ ተቀብለውታል።

የማጠቃለያ ውሳኔ፦ አቶ አምኃ አንድ ሐሳብ አቅርበዋል። ባቡሮቹ በጸሐፊ በኩል እንዲነጋገሩ የተወሰነው እንዲሻር ጠይቀዋል። እሱ ከተሻረ አንደኛው ብቻ ለምን በሚል ስለ ጭሱም፣ ስለ አክብሮቱም፣ ስለ ሽምግልናውም የተወሰነው ሁሉ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። መጽሐፉ እንዳለ ይታተማል። ባቡሮቹ ያጨሳሉ፣ «አንተ» ይባባላሉ፣ ፊት ለፊት ይነጋገራሉ። የመጨረሻው ገጽ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ልጆቹ ይሙሉት። በሌለችበት የተመረጠችው ጸሐፊም ከመልእክት ማመላለስ ሥራዋ ዛሬ፣ በተገኘችበት፣ ተሰናብታለች።

ስብሰባው ከቀኑ 6፡40 ላይ ወ/ሮ አምሳለ በር ላይ ሲደርሱ፣ በስልክ የሚቆጠር ሰው ስላልነበረ በራሱ ጊዜ ፈርሷል።

ከስብሰባው በኋላ፦ ሁለቱ አባላት ኦሎምፒያ ካለው ፍራፍሬ ቤት ሐብሐብ ለመግዛት ተያይዘው ሲወጡ ጸሐፊዋ ሐብሐብ እንደማትወድ ለማስመዝገብ ሞክራለች። ድምፅ ስለሌላት አልተያዘላትም።