ጠብ የሌለበት ቤት

[ቀየት ከሚባል ስፍራ አጠገብ፣ የደመላሽ ቤት ደጃፍ። ኅዳር ነው። ደመላሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል፤ ጎረቤቱ ፍሬው አጠገቡ ቆሟል።]

ደመላሽ፦ በጎመን ጨው? ሁለት ልጅ ያሳደጋችሁ ባልና ሚስት በጎመን ጨው ትጣሉ?

ፍሬው፦ በዝቷል አልኳት። አልበዛም አለች። ከዚያ ጎረቤት ሰማ።

ደመላሽ፦ ጎረቤቱ እኔ አይደለሁም? ሰምቼ አፍሬላችኋለሁ!

ፍሬው፦ ኋላ አያልነሽ ራሷ ቀመሰችው። በዝቷል ለካ። ሳቅን።

ደመላሽ፦ ጠብ፣ ሳቅ፣ ደግሞ ጠብ! ኋላ ቀሮች! መሐል ሜዳ ከተማ ሦስት ቀን ስለ ትዳር ስንሠለጥን ምን እንደተባለ ታውቃለህ?

ፍሬው፦ ምሳ ነበረው አሉ።

ደመላሽ፦ ሆዳም! ባልና ሚስት ከነድክመታቸው ሲቀባበሉ ጤናም ደስታም ያገኛሉ ነው የተባለው። የኔዋ ሸዋረግ ፍጹም ተቀብላኛለች።

ፍሬው፦ በምን አወቅህ?

ደመላሽ፦ ከፍልሰታ ወዲህ አንድ ቀን አልጨቀጨቀችኝም። ሦስት ወር ሙሉ ሰላም!

ፍሬው፦ ምን ታወራላችሁ ታዲያ?

ደመላሽ፦ እኔ አወራለሁ። እሷ ትቀበላለች።

ፍሬው፦ [ራሱን እያከከ] እኔ ቀርፋፋ ስለሆንኩ አልገባኝ ይሆናል። አያልነሽ ሁለት ቀን ዝም ካለችኝ ግን እህል አይወርድልኝም።

ደመላሽ፦ ያ የአስተሳሰብ ችግር ነው። በሰንጠረዥ አሳይተውናል። ነገርን በበጎ የሚያይ አለ፣ በክፉ የሚያይ አለ፣ [ከላይ እስከ ታች እያየው] ጭራሽ የማያይም አለ።

ፍሬው፦ እውነትህን ነው። ለመሆኑ ጥርሷ እንዴት ሆነላት?

ደመላሽ፦ የምን ጥርስ?

ፍሬው፦ መስከረም ላይ አያልነሽ ወስዳ ያስነቀለቻት ነዋ። ጉንጯ ሳምንት ሙሉ አብጦ አልነበር?

ደመላሽ፦ [ጭኑን እየመታ] አየህ! ሕመሟን እንኳ ለብቻዋ ተቀብላዋለች! ይቺን ሴት ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ።

ፍሬው፦ እሺ... ያ አጥሩ ላይ የተሰጣው የመኝታ ባናችሁ ምነው ጠበበ?

ደመላሽ፦ ሸዋረግ መሐል ስፌቱን ፈትታ ለሁለት አደረገችው።

ፍሬው፦ በዚህ ውርጭ?

ደመላሽ፦ የሠለጠነ ሰው የራሱን ነፃነት ይፈልጋል! ግማሹ የኔ፣ ግማሹ የሷ። ሳልነግራት ገባት።

ፍሬው፦ የሷ ግማሽ የት አለ?

ደመላሽ፦ አጣጥፋ ሳጥኗ ውስጥ ከታዋለች። ንብረት አያያዝ ታውቃለች።

ፍሬው፦ በጎቹስ? ስድስቱ ጀርባቸው ላይ ቀይ ቀለም አየሁ።

ደመላሽ፦ ከአሥራ ሁለቱ የራሷን ለየች። ኃላፊነት መጋራት ይባላል። መሐል ሜዳ ቢሰሙ በምሳሌነት ያቆሙኛል!

ፍሬው፦ ደመላሽ፣ እስቲ እንደኔ እንደ ቀርፋፋው ረጋ ብለህ አስብ። ዝም አለች። ባናውን ከፈለች። በጎቹን ከፈለች።

ደመላሽ፦ እሺ?

ፍሬው፦ አንድ ላይ ስታያቸው ምን ይመስሉሃል?

ደመላሽ፦ ፍቅር።

ፍሬው፦ እግዚኦ!

ደመላሽ፦ ቀናህ! ቆይ፣ የባሰውን ላሳይህ። [ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል] ባለፈው ሳምንት ይህን አምጥታ ፈርምልኝ አለችኝ። ሌላው ባል ቢሆን ምንድን ነው፣ ለምንድን ነው እያለ ያደርቃት ነበር። እኔ ሳላነብ ፈረምኩ! ዋናውን ይዛ ሄደች፣ ኮፒውን ተወችልኝ።

ፍሬው፦ እስካሁን አላነበብከውም?

ደመላሽ፦ ያመነ ሰው ያነባል እንዴ?

ፍሬው፦ እስቲ አምጣው።

ደመላሽ፦ አንተ አንብበህ እስክትጨርስ ጥምቀት ያልፋል። እንካ!

ፍሬው፦ [በጣቱ እየተከተለ] ‹ለወረዳው... ፍርድ... ቤት...›

ደመላሽ፦ የመሬት ጉዳይ ይሆናል።

ፍሬው፦ ‹...ባልና ሚስት... ተስማምተን... ለመፋታት... ያቀረብነው... ማመልከቻ።›

[ደመላሽ ብድግ ብሎ ወረቀቱን ይነጥቀዋል። ያነባል፤ ይገለብጠዋል፤ እንደገና ያነባል።]

ደመላሽ፦ ሸዋረግ! አንቺ ሸዋረግ! [ከቤት መልስ የለም] ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ይሆናል።

ፍሬው፦ ከጠዋት ጀምሮ እኛ ቤት ናት። ከነሳጥኗ።

ደመላሽ፦ ታውቅ ነበር ማለት ነው?

ፍሬው፦ ከፍልሰታ ጀምሮ።

ደመላሽ፦ [ድንጋዩ ላይ ተመልሶ ይቀመጣል] አሥራ አራት ዓመት እኮ ነው ፍሬው! ያለ እሷ ምን ይውጠኛል? አንተ ደደብ፣ ምነው ሳትነግረኝ?

ፍሬው፦ ደደብስ ነኝ። ያኔ ነሐሴ ላይ ጓዟን ሸክፋ ስትወጣ እግሯ ላይ ወድቄ ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ ‹ትንሽ ታገሺው፣ የሠለጠነ ሰው ነው፣ ራሱ ይገባዋል› ብዬ።