ሁለቴ «አለሁ»

እዚህ አወቱ መንደራ ሰፈር ዳቦ ገዝቶ መመለስ ቀላል አይምሰላችሁ። እንዴት ነህ የማይል ሰው የለም። ደህና፣ አልሐምዱሊላህ ትላላችሁ። ጠያቂው ግን መልሱን መች ይጠብቃል? አልፎ ሄዷል። እኔም ልጄን ሂክማን ከቀበርኩ ወዲህ ሳላስበው ነው የምመልሰው። ባለቤቴ ሰሚራ አሰንዳቦ እናቷ ዘንድ ናት። የልጅቷን አልጋ እያየች መኖር አልቻለችም። በስልክ እንዴት ነህ ትለኛለች፤ አለሁ እላታለሁ።

ሥራዬም፣ ሳቁብኝ፣ ይኸው መልስ ነው። ደዶ ላለው የቡና ነጋዴው የአባ ነጋ ቡና ማድረቂያ ማሽን ፕሮግራም እጽፋለሁ። ማሽኑ ውስጥ አንዲት ጠባቂ ሰዓት አለች። ፕሮግራሙ በየጊዜው «አለሁ» ካላላት፣ ሞቷል ብላ ማሽኑን አጥፍታ ታስነሳዋለች። ደግ ሥራ ነው። የእኛዋ ግን ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ ብልሹ ናት። የመጀመሪያውን «አለሁ» አትሰማም። ጊዜው ሳይደርስም ትቸኩላለች። ደህናውን ማሽን በሥራ መሀል ስታጠፋው ትውላለች። እርጥብ ቡና ደግሞ ይሻግታል። ሰዓቷ የማሽኑ ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ላይ የተበየደች ናት፤ ሌላ ቦርድ እስኪመጣ ቡናው አይጠብቅም። ምን ይደረግ? ፕሮግራሙ ቀደም እያለ፣ ሁለት ሁለቴ «አለሁ» እንዲላት አደረግኩ። ዝም አለች።

አባ ነጋ መረቁኝ። በማግስቱ ደወሉና ና እይ አሉ።

ስደርስ የ«አለሁ» ምልክቱ፣ አረንጓዴው መብራት፣ ብልጭ ብልጭ ይላል። ማራገቢያው ቆሟል። «አለሁ» የሚለውን የፕሮግራሙን ክፍል ከሌላው ነጥዬ ለብቻው ጽፌው ኖሮ፣ ሌላው ሁሉ ቆሞ እሱ ይለፈልፋል። አባ ነጋ እጃቸውን ቡናው ውስጥ ከተቱ። ቡናው አልቦታል።

«ማሽንህ እንዳንተው ናት፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «ስትጠየቅ ደህና ናት።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ማሽኑ ጀርባ ሄጄ ተቀመጥኩ። እሳቸው አካፋ አንስተው ቡናውን ማገላበጥ ጀመሩ፤ አልጠሩኝም።

ስነሳ አስተካከልኩት። አሁን ማራገቢያው መዞሩን፣ ሙቀት መለኪያው መለካቱን ሳያጣራ «አለሁ» አይልም። ቡናውም ተረፈ።

ከሰዓት ሰሚራ ደወለች። ቀድሜ እንዴት ነሽ አልኳት። ደህና፣ አለሁ አለች። ፈጠነች። ይህን ፍጥነት አውቀዋለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ምን በላሽ?»

ዝም።

«ዛሬ ከአልጋ ወርደሻል?»

መልሳ «አንተስ በልተሃል?» አለችኝ። ዝም ማለት የእኔ ተራ ሆነ። ከሂክማ ሞት ወዲህ መጀመሪያ እውነት የተነጋገርነው ያን ቀን ይመስለኛል።

ማሽን ጠፍቶ ሲነሳ ትናንትን አያውቅም። እኛ ሁሉንም ይዘን ነው የምንነሳው፤ ከተነሳን።

ዳቦ ገዝቼ የአሰንዳቦ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ የሰፈሬ ልጅ ነው። ዞር ብሎ እንዴት ነህ አለኝ።

አለሁ አልኩት። የሰማኝ አልመሰለኝም፤ ደገምኩለት።