የሰው እናት ቀማኛ

በየመሥሪያ ቤቱ የሰው እናት የሚቀማ አንድ ሰው አይጠፋም። መሬት የቀማ ይከሰሳል፤ ሚስት የቀማ ይደበደባል፤ እናት የቀማ ግን ምርቃት ይጎርፍለታል። የእኔው ቀማኛ ሊቀ ማያት ሽታሁን ይባላል። «የውሆች ሊቅ» የሚለውን ማዕረግ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ከንዴቴ የተነሣ። ቢቸና ላይ የሚታወቀው በኬሚስትሪ መምህርነቱ ነው።

ሽታሁን የሞጣ ልጅ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪው የሚያጠናው እርሳሱ፣ መዳቡና ዚንኩ በወንዛችን ውሃ ምን ላይ ተጭኖ ወደ ዓባይ እንደሚወርድ ነው። ብረቱ ከማነሱ የተነሣ በዓይን አይታይም፤ ወሬው ግን አያልቅም። ሠርግ ብትጠራው፣ ልቅሶ ብትወስደው ያው ነው፦ «ብረት በእግሩ አይሄድም፤ ፈረሱ ጭቃ ነው!» ጥቂቱ በውሃው ሟሙቶ ይሄዳል፣ ብዙው ግን ደለሉ ላይ ተለጥፎ ነው አሉ የሚጓዝ። ስለዚህ የክረምቱ የመጀመሪያ ጎርፍ ለእሱ ዓመት በዓል ነው። አንድ ተዝካር ላይ ይህንኑ ሲያስረዳ ቄሶቹ ሳይቀሩ ጠላቸውን አስቀምጠው ሰሙት። እኔ የታሪክ መምህሩ አፌን ብከፍት፣ «ገላው፣ እስቲ ያን ወጥ አቀብለን» ተባልሁ።

የእናቴ የእማማ ጥሩአየሁ ቤት ከወንዙ ዳር ነው። አንድ እሑድ ይዤው ሄድሁ፤ ምነው ያኔ እግሬን በሰበረው! አስጨምሮ አስጨምሮ በላና፣ «እማማ፣ እንደ እርስዎ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም» አላት። አለቀ። ከዚያ ወዲህ ስሄድ ከሰላምታ በፊት «ያ ልጅስ?» ነው። አይቡ ለእሱ ይቀመጣል። ከሳሁ ብላት፣ «የከሳስ እሱ! እናቱ ሩቅ ናት» ትለኛለች። ስንት ሌሊት አንገብግቦኛል መሰላችሁ።

አምና ሰኔ ላይ ጎርፉ ሲወርድ እሱ ተማሪ እያስፈተነ ነበር። አስቀድሞ ነጫጭ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ሰጥቷት፣ «እማማ፣ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ ከዳር ቀድተው ያስቀምጡልኝ፤ ባሕር ዳር ለምርመራ እልከዋለሁ» ብሏታል። የዓመት ሥራው የቆመው በዚያች ጎርፍ ላይ ነው፤ ካመለጠችው ሌላ ክረምት መጠበቅ ነው።

ፈተናው እንዳለቀ አብረን ሄድን። እናቴ ጠርሙሶቹን በነጠላ እንደጠቀለለች ከሳጥኗ አወጣች። ውሃው ኩልል ብሏል።

«አሳድሬ፣ ዝቃጩን ደፍቼ፣ በነጠላ አጥልዬ ነው» አለች ደረቷን ነፍታ። «ባሕር ዳር ድረስ የሚሄድ ውሃ ድፍርሱን ይሂድ እንዴ? ሰው ምን ይለናል?»

ብረቱን ከነፈረሱ ደፍታዋለች። ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ። አሁን ይጮኽባታል፣ አሁን ልኩን ታውቀዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ሽታሁን ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየ፤ መልሶ በነጠላው ጠቀለለው።

«እማማ፣» አላት፣ «የባሕር ዳር ሰዎች እንዲህ ያለ ውሃ አይተውም አያውቁ።»

«ተባረክ! ምነው እንደ አንተ ያለ በወለድሁ!» አለች፣ እኔን እያየች።

ከደጅ ስንወጣ ድንጋይ ላይ ዘጭ አለ። «ዓመቴ ሄደ፣ ገላው» አለ። እንባው ቀርቦ ነበር። ከዚያ ክንዴን ያዘኝ፦ «እንዳትነግራት። በእናትህ!»

በእናትህ ይለኛል እኮ! በእናቴ!

ዘንድሮም ሰኔ ላይ እሱን ፈተና ያዘው። እኔ የፈተና ተራዬን ለሰው ሰጥቼ፣ ወንዙ ማጓራት ሲጀምር ሱሪዬን ሰብስቤ ወረድሁ። ድፍርሱን እንዳለ ሞልቼ ስመለስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ይህንን ጭቃ ነው ለዚያ ልጅ የምትሰጠው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ወይ ጉድ! እኔ አጥልዬ የሰጠሁትን ልጅ! ምቀኛ! ቅናት ገደለህ እኮ!»

«አዎ፣ እማዬ» አልኋት፣ ክዳኑን እያጠበቅሁ።