እውነቷን ተናግራ የገባች ልጅ

ናይሮቢ ውስጥ ዘበኛ የማይጠይቀው ሰው የለም። ካሳራኒ በሚባል ሰፈር በምንኖርበት ግቢ በር ላይ ያለው አስካሪ (ዘበኛን እዚህ እንዲህ ነው የሚሉት) መልኬን ከእናቴ እኩል ያውቀዋል፤ ግን ዛሬም ዳቦ ይዤ ስመለስ ወዴት እንደምሄድ ይጠይቀኛል። ወዴት እሄዳለሁ? ወደ ሚስቴ ነዋ! ሱፐርማርኬት ስገባ ቦርሳዬን ይበረብራሉ፣ ባንክ ስገባ ወገቤን ይዳብሳሉ። ሰውን በቃሉ የሚያምን አንድ በር ብቻ ነው ያገኘሁት፤ እሱም ኢንተርኔት ላይ ያለው የብልግና በር ነው። መቼ ተወለድክ ይላል፣ የጻፍክለትን ያምናል፣ ካሪቡ፣ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ያስገባል። እንዲህ ያለ የዋህ ዘበኛ እኛ ግቢ ቢቀጠር በማግስቱ በሩ ራሱ ተነቅሎ በሄደ ነበር።

ይህን ያወቅሁት በልጄ በሊዲያ ነው። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ ካርጎ ውስጥ ሥራ አግኝቼ ከአዲስ አበባ ከመጣን ዓመት አልሞላንም፤ እሷ ግን እንግሊዝኛውንም ስዋሂሊውንም በአንድ ተርም ጠጥታ ጨርሳ እኔን በሰው ፊት ታርመኛለች። በአንድ ነገር ግን አልተበገርኩም። ዘመን አቆጣጠራችንን እንዳትረሳ ብዬ የተወለደችበትን ዓመት እንደ ጸሎት አስደግማታለሁ፤ ፈረንጅ ሌላ ሊልሽ ይችላል፣ አንቺ ግን የ1988 ልጅ ነሽ እላታለሁ። ሌላው ትምህርቴ ውሸት አለመናገር ነው። ቤተ ክርስቲያን የልጆች አስተማሪ ስለሆንኩ ስለ ውሸት ብዙ አውቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከቤታችን ሥር ያለው ሳይበር፣ የኢንተርኔት ቤቱ፣ ባለቤት ማማ ዋምቡይ ደወለችልኝ። ልጅህ ኮምፒውተሮቼን በሙሉ አጠፋችብኝ፣ ና ውሰዳት አለች። እኔ እኮ የላክኋት ለትምህርት ቤት ሥራ ስለ ቀጭኔ እንድታነብ ነው! ቀጭኔ ምን ብታደርጋት ነው? በነጠላ ጫማ ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። ሳይበሩ ጨለማ ነው። አንድ ጎልማሳ ሲጽፈው የነበረው የሥራ ማመልከቻ ጠፍቶበት ራሱን ይዟል። ሊዲያ ጥግ ላይ ቆማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። እጇን ከፊቷ ላነሳ ብል እምቢ አለች። «ዳዲ፣ ዓይኔን እጠብልኝ» አለችኝ።

አጎንብሼ አቀፍኳት። ማማ ዋምቡይም ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ ቁጣዋን ረስታ ፖሌ ፖሌ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ እያለች ውሃ በጆግ አመጣች፤ በሩ ላይ ቆመን አጠብኩላት። ከዚያ ቀስ እያለች ነገረችኝ። ቀጭኔዋን ስትፈልግ ከየት መጣ ሳይባል ሌላ ገጽ ዘሎ ተከፈተ። የተወለድሽበት ዓመት ስንት ነው አላት። እሷም እንደ ጨዋ ልጅ፣ አባቷ እንዳስጠናት፣ 1988 ብላ ጻፈች። የፈረንጁ ዘመን 2007 ነበርና ኮምፒውተሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ወይዘሪት መጣችልኝ ብሎ በሩን ብርግድ አደረገው። አገራችን ገና ሁለት ሺህን ለመቀበል ሽር ጉድ ስትል ልጄ በአንድ ጽሑፍ ስምንት ዓመት አደገችብኝ!

ወዲያው ዓይኗን ጨፈነች። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ደግሞ ገጹ በየት በኩል እንደሚዘጋ አያገኘውም፤ ገልጣ ለመፈለግ ፈራች። ስለዚህ ግድግዳውን በዳበሳ ይዛ ያገኘችውን የመብራት ማጥፊያ ሁሉ ተጫነችው። ያስጨነቃት ግን የማማ ዋምቡይ ኮምፒውተር አልነበረም። የጻፍኩት ዓመት በፈረንጅ ልክ አይደለማ፣ ዋሽቻለሁ እንዴ ዳዲ ብላ ጠየቀችኝ። አልዋሸሽም የኔ ማር፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም አልኳት፤ እንባዬ መጣ።

እኔ ሕግ ይውጣ ባይ ነኝ። ቢራ ለልጅ የሸጠ ባለ ሱቅ ይቀጣ የለም እንዴ? ይኸኛውስ ዕድሜን በአፍ ሳይሆን በማስረጃ ቢጠይቅ ምን ይለዋል? አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው፣ እንዲህ ላለ ገጽ መታወቂያውን የሚያሳይ ሰው ማን አለ፣ ሰው ያፍራል እኮ ብሎ ተከራከረኝ። ታዲያ የሚያፍር ይቅራ! እኔ ማንንም አልጎተትኩ።

ደረጃውን ስንወጣ ሊዲያ ያ ገጽ ዓመተ ምሕረት ለምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ፈለገች። አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው እንዳይገባ ነው አልኳት። አንድ ፎቅ ከወጣን በኋላ ቆም ብላ፣ እንግዲያው አሥራ ስምንት ሲሞላኝ አያስፈራኝም ማለት ነው አለችኝ። ስለ ጥፋት ውኃም ስለ ዓሣ ነባሪውም የልጆችን ጥያቄ ሁሉ ስመልስ የኖርኩ ሰውዬ የደረጃውን መደገፊያ ይዤ ቆምኩ። መዋሸት ደግሞ አይሆንልኝም። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እኔንም ያስፈራኛል አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ፤ አሳዘንኳት። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና፣ በቃ ዳዲ፣ አንተም እንዳትገባ አለችኝ።

ይኸው ሕጉ ወጣ፤ የተከለከልኩት ግን እኔ ነኝ።