ሻኛ የሌለው በሬ

በረንዳ ላይ የሚሠራ ሰው አለቃው ብዙ ነው። ሶዶ ገበያ አጠገብ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ከተቀመጥኩ ጀምሮ፣ አታምኑኝም እንጂ፣ ያላዘዘኝ መንገደኛ የለም። ባጃጅ የሚጠብቀው ቆም ብሎ «እጅጌው አልረዘመም?» ይላል፤ ድንች ገዝታ የምትመለሰው ዘንቢሏን አውርዳ ቁልፉ የት እንደሚተከል ታሳየኛለች። ድሮ እከራከር ነበር። አሁን ደክሞኛል። «እሺ» እላለሁ፣ የያዝኩትን እሰፋለሁ። ችግሩ፣ አንዳንዴ አፌ ለይምሰል «እሺ» ያለውን እጄ እውነት ይመስለዋል።

ከዕለታት አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ምሕረት ስልኳን ይዛ መጣች። ልጅቷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ኮሌጅ የልብስ ዲዛይን ትማራለች። ለመመረቂያ አንድ የጥንት የአውሮፓ ሥዕል መርጦ የሚለበስ ነገር አድርጎ ማቅረብ ግድ ነው አሉ። ዓምና መምህሯ «ሥዕሉ ሌላ፣ ልብሱ ሌላ» ብሎ ጥሏታል። ዘንድሮ ከወደቀች ደግሞ ትሰናበታለች። ያመጣችው ሥዕል አንዲት ቆንጆ ልጅ ነጭ በሬ ላይ ተቀምጣ ባሕር ስትሻገር ያሳያል። በሬው ለካ በሬ አይደለም፤ ልጅቷን ወዶ፣ በሬ መስሎ ሊጠልፋት የመጣ የግሪኮች አምላክ ነው።

«ወይ ጉድ! ሽማግሌ መላክ አቅቶት ነው?» አልኳት።

«አጎቴ፣ ቀልዱን ተወውና ስማኝ። ሥዕሉን እንዳለ ነው የምንሠራው። አንዲት ነገር እንዳትጨምርብኝ፤ አሁን ከወደቅኩ አለቀልኝ።»

«እሺ» አልኩ።

ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለውን የእኛን የባህል ጨርቅ፣ ዱንጉዛን፣ ለካባ ቆረጥን። ባሕሩንና ልጅቷን ምሕረት ወሰደች። በሬው የእኔ ሆነ፤ ከነጭ አቡጀዲ ቆርጬ፣ ጥጥ ጠቅጥቄ፣ ካባው ጀርባ ላይ ከፍ ብሎ እንዲታይ መስፋት ጀመርኩ።

ማዶ ያለው ሥጋ ቤት የጋሽ ዳና ነው። ቢላዋውን እንደያዘ ተሻግሮ መጣና በሬዬን አየው።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

«ምን ሆነ?»

«ሻኛው የታለ?»

እነሱ አገር በሬ ሻኛ እንደሌለው አስረዳሁት። ከልቡ አዘነ። «ታዲያ ምኑ ይበላል?» አለ። አምላክ ስለሆነ እንደማይበላ ብነግረውም አልተዋጠለትም።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ቁርጥ በልቶ የወጣ ሁሉ ጥርሱን እየጎረጎረ በሬ ሊመረምር ይመጣ ጀመር። አንዱ ታሞ ነው አለ፣ አንዱ ላም ናት አለ። የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ሲያልፍ ስለ ጣዖት ሊገሥጸኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ አየና ቀስ ብሎ «ወንድሜ፣ ሻኛውን ረስተኸዋል» አለኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ «እሺ» ስል ሰነበትኩ። እኔም ብሆን ቦዲቲ ከተማ በሬ እያደለበ ያሳደገኝ ሰው ልጅ ነኝ፤ አባቴ በሬ ሲገዛ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሻኛው ነበር። በመጨረሻው ቀን ዓይኔ ደክሟል፣ ወገቤ ተቆርጧል፣ አንድ እፍኝ ጥጥ ተርፏል። ከተትኩታ! እውነቱን ልንገራችሁ? ያማረ ሻኛ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ምሕረት እየተጣደፈች መጥታ ካባውን ደረበች፤ እጇን ወደ ኋላ ስትሰድ ነካችው።

«አጎቴ! ምንድን ነው ይሄ?»

ለመፍታት ጊዜ የለም፣ ባጃጁ ቆሟል። እንባዋ ዱንጉዛው ላይ ጠብ አለ። ሳትሰናበተኝ ሄደች። ያን ቀን መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ፤ የዚያች ልጅ ሕልም በአንድ እፍኝ ጥጥ ታንቆ ሲሞት ይታየኛል። ጋሽ ዳና ማዶ ሆኖ አውራ ጣቱን ያሳየኛል።

ከሰዓት በኋላ ካባዋን እንደለበሰች ተመለሰች።

«አለፍኩ» አለች።

መምህሩ እንደፈራነው ጣቱን ሻኛው ላይ አድርጎ «ይህ ሥዕሉ ላይ የለም። ከየት አመጣሽው?» ብሏታል። እሷም «የአጎቴ ጀርባ ነው» አለችው። «እኔን ለማስተማር መኪና ላይ ሲጎብጥ የበቀለ።» አንዷ ፈታኝ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠራረገች።

እኔ መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ እጄ ሳላዘው ወደ ማጅራቴ ሄደ። ለካ አለ! ይህን ሁሉ ዓመት እጅጌ ሲለካ የኖረ ሰው የገዛ ጀርባውን አይቶት አያውቅም። ያኔ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

ጋሽ ዳና «ልጅቷን ያስመረቅኳት እኔ ነኝ» እያለ ለደንበኞቹ ያወራል። ያውራ። የሰለቸኝ ሌላ ነው፤ መንገደኛው አሁን የምሰፋውን ትቶ እኔን ማየት ጀምሯል። ትናንት አንዱ ባጃጅ እየጠበቀ ትኩር ብሎ ሲያየኝ ቆየና «አባት፣ ትንሽ ቀና ይበሉ እንጂ» አለኝ።

«እሺ» አልኩት። ጀርባዬ ግን እንደ እጄ የዋህ አይደለም፤ አላመነኝም።