ሳይወልድ የዋለው ሰርቨር

በእኛ በእንጅባራ የዘገየ ማሽን መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ነቅሎ መሰካት። ቴሌቪዥን ሲንተባተብ ይነቀላል፣ ፍሪጅ ሲያጓራ ይነቀላል። ስብሰባ ላይ ንግግር የሚያስረዝም ሰው ብቻ አይነቀልም። ምነው በተነቀለ!

እኔ የአንድ ትንሽ ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ተማሪው ውጤቱን በስልኩ የሚያየው በእኔ ሰርቨር በኩል ነው። ሰርቨር ይበሉት እንጂ የዳንግላ ጋሪ ፈረስ ይሻለዋል፤ ውጤት በወጣ ቁጥር ፍግም ይላል። ለምን ቢሉ፣ ዋናው ፕሮግራም፣ አባት እንበለው፣ ሥራ የሚያግዙት ልጅ ፕሮግራሞች ይወልዳል። ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ይወለዱና፣ ጥያቄ ሲመጣ ያንኑ ኮድ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሜሞሪ ላይ ይጭናሉ። እስቲ ለአንድ ለቅሶ ሁሉም ቤት የየራሱን ድንኳን ቢተክል ሰፈሩ ይበቃል? እድር የተፈጠረው ለምን ሆነና!

የሬጅስትራር ኃላፊዋ እትዬ ዘነቡ ቁርጤን ነግረውኛል፤ ዘንድሮም ከወደቀ የሰርቨሩ ክፍል የወንበር መጋዘን ይሆናል። ያቺ ክፍል ደግሞ ዙፋኔ ናት! ስለዚህ መላ ዘየድኩ። አባትየው ከመውለዱ በፊት ኮዱን ሁሉ ይጫን፣ ልጆቹም ያንኑ አንድ ቅጂ በጋራ ያንብቡ። ስሞክረው ሜሞሪው ተርፎ ተንጣለለ። ብቻዬን አጨበጨብኩ፣ ምን እደብቃለሁ! እንከኑ አንድ ነው፤ ሁሉን አስቀድሞ የሚጭን አባት ሲነሳ ይዘገያል። ይዘግያ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የውጤቱ ዕለት ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ። ሰርቨሩ መጫኑን እንደ አዲስ ሲጀምር፣ እኔ ዲኑ ቢሮ ስለ ብልሃቴ እየደሰኮርኩ ነበር። እትዬ ዘነቡ ወደ ክፍሉ ብቅ ቢሉ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ነቀሉና ሰኩት። አባት ከሀ ጀመረ። ሊወልድ ሲል ነቀሉት። በጎ አሳቢ እኮ ናቸው! ስደርስ ላባቸውን እየጠረጉ፣ ይኸው ስንቴ ነካካሁት፣ አልነሳ አለ አሉኝ። እባክዎ አይንኩት፣ እያማጠ ነው አልኳቸው። ወንድ ሲያምጥ የት አየህ ብለው አንዴ ደግመው ነቀሉት።

ተማሪው ግቢውን ሞልቶ መጮህ ሲጀምር፣ እትዬ ዘነቡ ውጤቱን አትመው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ሁሉም ተጋፍቶ አነበበ፣ ውጤቱን አወቀ፣ ሄደ። እኔም የሠራሁት እኮ ይኼንኑ ነው አልኳቸው፤ አስቀድሞ የተዘጋጀ፣ ሁሉም በጋራ የሚያነበው አንድ ቅጂ!

ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። ወንበሮቹን ወደ ክፍሌ እንዲያስገቡ ሠራተኞቹን ከተጣሩ በኋላ፣ እሰይ፣ እንግዲያው ሥራውን ታውቀዋለህ ብለው ሙጫውን አስጨበጡኝ።