ሥራ የሚጠላው ድንጋይ

ከንቲባ የሌላት ከተማ ልትኖር ትችላለች፤ ጌጥ መርማሪ የሌላት ከተማ ግን የለችም። ቀለበት ሲገዛ ሳትጠራ የምትደርስ፣ ሐብል ስታይ ሰላምታዋን የምትረሳ፣ ከሙሽራዋ ፊት በፊት የሙሽራዋን ጣት የምታይ አንዲት ሴት በየሰፈሩ አለች። ወልቂጤ ይህን ሥልጣን ለክብርት ወይዘሮ ብርቄ ሰጥታለች። ማን እንደ ሾማቸው የሚያውቅ የለም፤ ሊሽራቸው የሞከረም የለም።

አሳድገው ለአስተማሪነት ያበቋት የእህታቸው ልጅ አደይ፣ የእትዬ ብርቄን ሕግ ፊደል ሳትቆጥር ነው በቃሏ ያጠናችው። የመጀመሪያው፣ «ከአምፖል ሥር ድንጋይም ሙሽራም አይመረጥም» ይላል። ስለዚህ ዕቃውን ይዘው ከሱቁ ይወጣሉ፤ ሻጩም ደንግጦ ይከተላቸዋል። ጥላ ውስጥ ቆመው ወደ ሰማይ ያነሱታል፤ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ውስጡ የለስላሳ መጠጥ አረፋ የመሰለ ነገር ካዩ መስታወት ነውና ምርመራው አበቃ። ካላዩ ጉንጫቸው ላይ ያሳርፉታል።

«ድንጋይ ኩሩ ነው፤ ቶሎ አይሞቅም» ይላሉ። «መስታወት ግን ወዲያው ይለማመጥሻል።»

ቡታጅራ ያለው ብር ሠሪ ራምዚ፣ እትዬ ብርቄ ከሚኒባስ ሲወርዱ ካየ አምፖሉን ራሱ ያጠፋል ይባላል። አንድ ሰርግ ላይ ደግሞ ጥንዶቹ ቀለበት ሊያጠልቁ ሲሉ «ቆይ፣ እስቲ ወደ መስኮቱ ጠጋ በሉ» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ፓስተሩም አብረው ጠጋ አሉ።

ከቡታጅራ በርበሬ የምታመጣላቸው ጓደኛቸው ሃሊማ፣ የጆሮ ጌጧ መስታወት ተብሎ ከተፈረደበት ወዲህ ሻሿን ጆሮዋ ላይ ሳታጠብቅ እዚያ ቤት አትገባም። አንድ ቀን ለመበቀል ያህል ጠየቀቻቸው።

«ብርቄ፣ ያ የምትወጂው ሰማያዊ ድንጋይ፣ ቶጳዝ የምትይው፣ ቀለሙን ያገኘው በመሣሪያ ነው አሉ። እውነት ነው?»

«አብዛኛው እውነት ነው። ያንቺስ ሽበት በምን ጠቆረ? ሻጩ ከነገረሽ ነውር የለውም፤ ነውሩ ሲደብቅሽ ነው።»

አያያዙንም የሚያስተምሩት እንደ ሃይማኖት ነው። «ለብ ያለ ውሃ፣ የሕፃን ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ። ፍል ውሃ አይንካው። በክፉ ጎኑ ከተመታ እንደ ፍልጥ እንጨት ለሁለት ይከፈላል። ሥራ ስትጀምሪ አውልቂው፤ ሲወልቅ ሳጥኑ ውስጥ ብቻውን ይቀመጥ። የትም የተጣለ ድንጋይ ጠጠር ነው።»

የራሳቸው ጣቶች ግን ባዶ ናቸው። ለጠየቃቸው «ዳኛ ከችሎት ዕቃ አይወስድም» ይላሉ። አደይ ግን ምክንያቱን ታውቃለች፤ እነዚያ እጆች ለጌጥ ፋታ አግኝተው አያውቁም። ቆጮ ሲከትፉ፣ ቅቤ ሲያነጥሩ፣ በርበሬ ሲደልዙ ኖረው አንጓዎቻቸው አብጠዋል። የክሊኒኩ ሐኪም «እጅዎን ያሳርፉ፤ አለዚያ ጣቶችዎ መታጠፍ ያቆማሉ» ሲላቸው «ከመስቀል በኋላ» አሉት። የትኛው መስቀል እንደሆነ አልተናገሩም።

ጉራጌ ለመስቀል ከያለበት አገሩ ይገባል፤ የእትዬ ብርቄ ቤትም ይሞላል። አደይ አምና ለመነቻቸው፤ አልሰሙም። ቢላውን ደበቀችባቸው፤ ከጎረቤት ተዋሱ። ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ገባት፦ እትዬ ብርቄ ለሐኪም አይታዘዙም፤ ለድንጋይ ሕግ ግን ይታዘዛሉ።

የምታስተምረው ቡታጅራ ነውና፣ ጣታቸውን በዘዴ በክር ለክታ ራምዚ ዘንድ ሄደች። ድምፅዋ እንደ ልማዷ ዝቅ ያለ ነበር።

«ሥራ የሚጠላ ድንጋይ አለህ?»

«ምን?»

«ሥራ የማይወድ። አስቸጋሪ የሆነ።»

ራምዚ እየሳቀ አንድ ጥቁር ድንጋይ አወጣ። «ይሄ ወፍጮ ላይ ቢወድቅ የሚሰበረው ወፍጮው ነው።»

«መልሰው።»

ሰማያዊ ቶጳዝ አወጣ። «ይሄ በቀላሉ አይጫርም። ግን ምት አይችልም፣ ፍል ነገርም አይወድም። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰማያዊው በመሣሪያ የመጣ ነው። ዙሪያውን ብር ላልብሰው? ይጠብቀዋል።»

«አይሆንም። በአራት የብር ጥርስ ብቻ ያዘው፤ ከፍ ይበል።»

«ከፍ ካለማ ሁሉም ነገር ይነካዋል! ምንም ሊሠሩበት አይችሉም እኮ!»

«አዎ!» አለች አደይ፤ የራሷ ድምፅ አስደነገጣት።

ከዚያ ድንጋዩን ይዛ ደጅ ወጣች። ጥላ ውስጥ አየችው፤ ክረምት ሲወጣ የሚገለጠውን ሰማይ ይመስላል። ጉንጯ ላይ አሳረፈችው። አልተለማመጣትም።

የመስቀል ዋዜማ እትዬ ብርቄ የጎመን ክትፎውን ሊጀምሩ መክተፊያው ፊት ሲቀመጡ አደይ ቀለበቱን ሰጠቻቸው። ይዘውት ደጅ ወጡ። በርበሬዋን ያመጣችው ሃሊማ ተከተለቻቸው። አደይ ፈተና የሚታረምላት ተማሪ ሆነች።

«ማን መረጠው?»

«እኔ።»

«የት ሆነሽ?»

«ደጅ፣ ጥላ ውስጥ።»

«ሰማያዊው በመሣሪያ መሆኑን ነገረሽ?»

«ሳልጠይቀው ነገረኝ።»

እትዬ ብርቄ ድንጋዩን ከጉንጫቸው ቶሎ አላነሱትም።

«ድንጋይ ነው» አሉ በመጨረሻ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከዚህ ችሎት ወጥቶ አያውቅም።

አጠለቁት። ተመልሰው ተቀመጡ፤ ቢላውን አነሡ፤ ከፍ ብሎ የቆመውን ድንጋይ አዩና እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ሳጥኑን አምጪው፣ ላውልቀው።»

«ቡታጅራ ረሳሁት።»

እትዬ ብርቄ መስኮቱን አዩ፤ ደፉ ጠባብ ነው፣ ይወድቃል። ጠረጴዛውን አዩ፤ የእንግዳ ልጆች ይተራመሱበታል። ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ቁልፍ አለ። ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አደይን ልክ እንደ ድንጋይ መረመሯት።

«የትም የተጣለ ድንጋይ ጠጠር ነው ያልሽው አንቺ ነሽ» አለች ሃሊማ እየሳቀች። «ቢላውን ወዲህ በይ!»

እንዲህ ሆኖ ክብርት ወይዘሮ ብርቄ በመስቀል፣ ሥራ ፈትተው፣ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አላረፉም፤ አዘዙ። «ሃሊማ፣ አድቅቂው እንጂ! ጎመን ነው ወይስ ፍልጥ?» እጃቸው ግን ጉልበታቸው ላይ እንደ እንግዳ ተከብሮ ዋለ። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ሁሉ በተራ ቀረበ።

«እዩት፣ አትንኩት። አደይ ናት የመረጠችው። አምፖል ሥር እንዳይመስላችሁ! ደጅ ወጥታ ነው!»

አደይ ጎመን እየከተፈች ሰማች። አቀርቅራ ስለነበር ፈገግታዋን ያየው መክተፊያው ብቻ ነው።

በዓሉ አልፎ ቡታጅራ ስትመለስ ስልኳ ጮኸ።

«ሳጥኑን አገኘሽው?»

ሳጥኑ ፊቷ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

«እየፈለግሁት ነው፣ እትዬ።»

ከበስተጀርባቸው ሌላ ሰው ቆጮ ሲከትፍ ይሰማል።

«አትቸኩይ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ብርቄ። «ከመስቀል በኋላ ይደርሳል።»

የትኛው መስቀል እንደሆነ አልተናገሩም።